ከማጥመጃ ዕቃ ላይ አልለቅ ያለ የዓሣ ሽታ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ዕቃዬን የማስቀምጠው ቤት ውስጥ፣ መግቢያው አጠገብ ባለ ቁም ሳጥን ነው። አሁን ቁም ሳጥኑ ብቻ ሳይሆን ኮሪደሩም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መረቡን በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ ደባልቄ አሸሁት። በመጨረሻ በረኪና ጨመርኩበት። ለሁለት ቀን ደህና ሆኖ ሽታው ተመለሰ። ባለቤቴ ዕቃውን ከቤት አውጣልኝ ብላለች። ምን ላድርግ? መረቡንስ ልጣለው?»

መልስ፦

መረቡን ገና አይጣሉት። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ በረኪናው ልንገርዎ። በረኪናውን የጨመሩት ኮምጣጤ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከሆነ ዳግመኛ እንዳያደርጉት። በረኪናና ኮምጣጤ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በሎሚም ሆነ በሌላ አሲድ ያው ነው። ድንገት ከተደባለቀ ባልዲውን ለማስተካከል አይታገሉ። ወዲያው ወጥተው ንጹህ አየር ይተንፍሱ። ሳሉ ወይም የደረት መጨነቁ ካልተወዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በረኪና ብቻውን ቢሆንም ከዓሣ ደምና ከዝልግልጉ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባሉ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጡ ነገሮች ይፈጥራል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ በረኪናን ሙሉ በሙሉ ይርሱት። ያለ እሱ ይሳካል።

አሁን ወደ ሽታው። የማጥመጃ ዕቃ እያጸዳሁና እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ሁሌም የማየው አንድ ስሕተት አለ። ሰው ሽታውን ያባርራል፣ የሚሸተውን ነገር ግን እዚያው ይተወዋል። ሽቶ ይረጫል፣ ሶዳ ይነሰንሳል፣ አየር ማደሻ ያንጠለጥላል። ሽታው ግን በራሱ የቆመ ነገር አይደለም። ዕቃው ላይ ተጣብቆ የቀረ ዓሣ ነው። ያ ነገር እስካለ ድረስ ባክቴሪያው ይበላዋል፣ ሽታውም በየቀኑ አዲስ ይሠራል። እርስዎ ዘንድ ለሁለት ቀን ጠፍቶ የተመለሰው ለዚህ ነው።

የሚጣበቀው ሦስት ዓይነት ነገር ነው። እያንዳንዱ የሚለቀው በተለያየ መንገድ ስለሆነ ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል።

አንደኛው ሁላችንም የዓሣ ሽታ የምንለው ነው። በባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ነገር በብዛት አለ። ራሱ አይሸትም። ዓሣው በሕይወት እያለ ጨዋማው ውሃ ሰውነቱን እንዳያደርቀው ያግዘዋል። ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያዎች ይህን ነገር ወደ ትራይሜቲላሚን ይለውጡታል። የሚሰነፍጠው እሱ ነው። የመፍያ ነጥቡ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በቤት ሙቀት ተንኖ አፍንጫችን ጋ ለመድረስ ምንም አይቸግረውም። አንድ ደካማ ጎን ግን አለው። ቤዝ ነው። ቤዝ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ፣ አሲድ ሲያገኝ ወደ ጨውነት ይለወጣል። ጨው ደግሞ አይተንም፣ በውሃ ይታጠባል። ኮምጣጤና ሎሚ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ይህ ነገር በጣም ያንሰዋል። እዚያ በብዛት የሚያስቸግረው ጭቃ ጭቃ የሚለው ሽታ ነው። ጂኦስሚን ይባላል። አንዳንድ የውሃና የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ነው። ዝናብ ደረቅ መሬት ሲነካ የምንሸተው የአፈር ሽታም ከእሱ ነው። አፍንጫችን እጅግ በጣም ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል። ስለዚህ «አጥቤዋለሁ ግን ትንሽ ይሸታል» ማለት ብዙ ቀርቷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ቅባት ነው። የዓሣ ቅባት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላሻል፤ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል። ይህ አሲድ አይበግረውም። ኮምጣጤ ሙሉ ጠርሙስ ቢያፈሱበት እዚያው ነው። ቅባት የሚያነሳው ሳሙና ነው።

ሦስተኛው ደሙና ዝልግልጉ ነው። ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው። ትኩስ ሳሉ ብዙ አይሸቱም፤ ግን ለባክቴሪያ ምግብ ናቸው። ከደረቁ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛሉ።

እንግዲህ ያደረጉትን አንድ በአንድ እንየው። የፈላው ውሃ መጀመሪያ መምጣቱ ነው ነገሩን ያበላሸው። የእንቁላል ነጭ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ይጠጥርና የያዘውን ይዞ ይቀራል። ደሙና ዝልግልጉም በመረቡ ቋጠሮ ውስጥ እንደዚያው ረጉ። ዓሣ የነካው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀዝቃዛ ውሃ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ይህን ይያዙ።

ሶዳውና ኮምጣጤው ደግሞ እርስ በርስ ተጠፋፍተዋል። አንዱ ቤዝ ነው፣ ሌላው አሲድ ነው። ሲገናኙ የሚወጣው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቆሻሻ እያነሳ ይመስላል። አረፋው ሲያልቅ የሚቀርዎት ግን ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ኮምጣጤውም የለም፣ ሶዳውም የለም። ለብቻው ቢሆንም ሶዳ ለዓሣ ሽታ የሚባለውን ያህል አይደለም። ቤዝ ስለሆነ ቤዝ የሆነውን ትራይሜቲላሚን ሊያስረው አይችልም። ለኮመጠጠና ለታፈነ ሽታ ይረዳል፤ ቦታው እዚያ ነው። በረኪናው ያገኘውን ባክቴሪያ ገደለ፣ ሁለት ቀን ዕረፍት ሰጠዎት፤ ግን ቋጠሮው ውስጥ የረጋው ምግብ አልተነካም። አዲስ ባክቴሪያ መጣ፣ ምግቡን አገኘ። በዚያ ላይ በረኪና የናይለን ክርን ያዳክማል። መረቡን ሲጎትቱት ክሩ መሳሳቱን ይመልከቱ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳሙና፣ ኮምጣጤ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ማናፈስ። በየመሃሉ ማለቅለቅ። አሁን በመረቡ ላይ ላሳይዎት፤ ብዙውን ጊዜ ግማሹ ሽታ ያለው እዚያ ነው።

መረቡን ወደ ብርሃን ያዙትና አንዱን ቋጠሮ በጥፍርዎ ገፋ አድርገው ይክፈቱት። ክሮቹ በሚሻገሩበት ቦታ ግራጫ ወይም ቢጫ የሆነ ፈትል የመሰለ ነገር ያያሉ። ጥፍርዎን ያሽትቱት። ኮሪደሩን የሞላው እሱ ነው። አንድ መረብ በመቶ የሚቆጠር ቋጠሮ አለው፤ እያንዳንዱ ይህን ትንሽ ነገር ተሸክሟል። ውሃ ከላይ ማፍሰስ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

መረቡን ከእጀታው ይፍቱትና በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ውሃው ይደፈርሳል፤ ይድፉት፣ አዲስ ይሙሉ። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት፤ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ያዘጋጁ፤ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃል፣ እጅዎን ሲነክሩት የሚመች ማለት ነው። የሚጨምሩት የልብስ ሳሙና ማሸጊያው ላይ «ኢንዛይም» የሚል ቢሆን ይመረጣል። ኢንዛይሙ ፕሮቲንና ቅባትን ይቆራርጣል፤ ብሩሽ የማይደርስበት ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ የሚሠራልዎ እሱ ነው። እርስዎ ዘንድ በፈላ ውሃ የረጋውንም ቀስ በቀስ ሊያነሳው የሚችለው ይህ ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይስጡት። በጣም ትኩስ ውሃ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል፤ በረኪናም ያበላሸዋል፤ ኮምጣጤም ሥራውን ያደናቅፍበታል። ብቻውን ይሥራ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በዱቄት ሳሙና ሲዘፈዘፍ ሽታው ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው «አበላሸሁት» ብሎ እዚህ ያቆማል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቤዝነቱ ከፍ ያለ ነው፤ በጨው መልክ ተይዞ የነበረውን ትራይሜቲላሚን ይለቀዋል። መስኮት ይክፈቱና ይቀጥሉ። እየወጣ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቋጠሮዎቹን ይፈትጉ። በተለይ መረቡ ከብረት ቀለበቱ ጋር የሚያያዝበትን ዙሪያ። በደንብ ያለቅልቁት፤ ሳሙና ከቀረበት ቀጥሎ የሚመጣውን አሲድ ያባክንብዎታል። አሁን 1 ሊትር የምግብ ኮምጣጤ በ3 ሊትር ውሃ ይቀላቅሉና መረቡን ለ30 ደቂቃ ይንከሩት። ኮምጣጤ ከሌለ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ውሃ ያው ሥራ ይሠራል፤ የራሱ ሽታም የለውም። በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁትና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ዘርግተው ይስቀሉት። ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት አይጎዳውም፤ ለቀናት ከተተወ ግን ናይለኑን ያደርቀዋል፣ ያሰባብረዋል።

ማድረቁን እንደ ትንሽ ነገር እንዳያዩት። እርጥብ መረብ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስገባት የቀደመውን ሥራ ሁሉ ያፈርሳል። ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይሠራም። ቋጠሮውን በሁለት ጣት ጨምቀው እርጥበት ከተሰማዎት ገና ነው።

የበረዶ ሳጥን ካለዎት ቀጥሎ እሱን ይፈትሹ። ሰው ውስጡን ጥርት አድርጎ ያጥብና ክዳኑን ይዘጋል፤ በሳምንቱ ሲከፍተው ይከረፋል። ውስጡ አይደለም የሚሸተው። ክዳኑ ዙሪያ ያለውን የጎማ ጠርዝ በማንኪያ ጭራ ቀስ ብለው ያንሱት። ከእጥፋቱ ውስጥ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ መስመር ያገኛሉ። ቅርፊትም ተጣብቆበት አይቻለሁ። የውሃ ማፍሰሻው ቡሽና የክዳኑ ማጠፊያም እንዲሁ ናቸው። ጎማው የሚወጣ ከሆነ ያውጡትና ለብቻው ያጥቡት። ሳጥኑን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፤ ከዚያ ግማሽ በግማሽ በተቀላቀለ ኮምጣጤና ውሃ ይወልውሉትና 20 ደቂቃ ይተዉት። ያለቅልቁ፣ ያድርቁ። ፕላስቲኩ ቅባት እየመጠጠ ስለሚሄድ አሮጌ ሳጥን ሁለት ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። በሻካራ ሽቦ አይፈትጉት፤ ጭረቱ ለቀጣዩ ዝልግልግ ማረፊያ ይሆናል። ሲቀመጥ ክዳኑ ሁልጊዜ ገርበብ ይበል። ትንሽ እንጨት መሃሉ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ደርቆም የታፈነ ሽታ ከቀረው ያኔ ሶዳውን ያምጡ፤ በሰፊ ሳህን አድርገው ለአንድ ሌሊት ውስጡ ይተዉት። ከሶዳ ይልቅ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው የተዘጋጀ ከሰል ይሻላል። ብዙ ዓይነት ሽታ ይይዛል። ተራ ከሰልም ትንሽ ይረዳል፤ ግን እንደዚያ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስላልሆነ ብዙ አይጠብቁበት። ቡና የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ቡናው በአብዛኛው ሽታውን በሌላ ሽታ ይሸፍነዋል፤ እኔ አልመክረውም።

ዘንጉ ላይ የሚሸተው እጀታው ነው። የተቀረው ለስላሳ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እጀታው ቡሽ ከሆነ አይንከሩት፤ ቡሽ ውሃ ከጠጣ ሊላቀቅ ይችላል። ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርጥበው ጨምቀው ያሹት፣ በጥርስ ብሩሽ ቀዳዳዎቹን ይንኩ፣ በንጹህ ጨርቅ ያንሱ፣ ከዚያ በኮምጣጤ ውሃ አንዴ ይወልውሉት። የስፖንጅ እጀታም እንዲሁ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ቀለበቶች በጥጥ ጫፍ ያጽዱ።

የክር ማጠንጠኛውን ግን ባልዲ ውስጥ እንዳይነክሩት። በኃይለኛ ውሃም አይምቱት። ውሃው ግሪሱን አጥቦ ጨውና አሸዋ ወደ ውስጥ ይከትበታል፤ ሽታ ለማጥፋት ብሎ ማሽን ማበላሸት ነው። ክሩ ሲሳብ የሚይዘውን ፍሬን አጥብቀው፣ በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ውጭውን ይጥረጉ። ዋናው ቦታ በጣት የሚያዘው የመዘውሩ እጀታ ነው፤ ዓሣ የያዘ እጅ ሁልጊዜ እዚያ ይሄዳል። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ዘይት። ክሩ ራሱ ሁሉም አይሸትም። ብዙውን ጊዜ ዓሣና ማባበያ የነካው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ነው፤ ይሳቡትና በእርጥብ ጨርቅ መሃል ያሳልፉት። እንደ ሹሩባ የተገመደ ክር ከሆነ ዝልግልጉን በፈትሉ መሃል ስለሚይዝ ረዘም አድርገው ይሳቡት። ያልተገመደው፣ ለስላሳው የናይለን ክር ብዙ አይዝም።

አሁን የመሣሪያ ሳጥኑ፤ እዚህ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እርሳስ የሆኑትን ማጥለቂያ ክብደቶች ኮምጣጤ ውስጥ በጭራሽ አይዘፍዝፉ። ኮምጣጤና አየር እርሳሱን እያሟሙ ሊድ አሴቴት የሚባል መርዝ ይሠራሉ። በውሃ ይሟሟል፣ በእጅና በዕቃ ይዛመታል፣ ለልጆች ደግሞ በተለይ አደገኛ ነው። እርሳሶቹን ለብቻ በተቀመጠ ዕቃ፣ በሳሙና ውሃ ብቻ ያጥቡ። የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይሁን። ከዚያ እጅዎን ይታጠቡ። መንጠቆዎችም ኮምጣጤ ውስጥ አይቆዩ፤ ቶሎ ይዝጋሉ። በሳሙና ውሃ አንቀጥቅጠው፣ አለቅልቀው፣ በጨርቅ ላይ በትነው ያድርቁ። ዕቃዎቹ ሁሉ ወጥተው ባዶ የቀረውን ሳጥን እንደ በረዶ ሳጥኑ ያጥቡት።

ለስላሳ ፕላስቲክ ትሎችና ዓሣ መሳዮች አብዛኞቹ ዓሣ እንዲስቡ ተብሎ ሽታ የተጨመረባቸው ናቸው። እነሱን ማጠብ ትርፍ የለውም። በየራሳቸው ከረጢት አሽገው ያስቀምጡ። ከሳጥኑ ጠንካራ ፕላስቲክ ጋር ሲነካኩ አንዳንዶቹ ይቀልጣሉ፣ ይጣበቃሉም፤ ሽታቸውም ከፕላስቲኩ ጋር ይቀራል።

ሁሉንም አጥበው ሽታው ከቀጠለ የኪስ ነገር አለ። አንድ ሰው ዘንጉን፣ መረቡን፣ ጫማውን ሁሉ ሦስት ጊዜ አጥቦ ተስፋ ቆርጦ ቦርሳውን ይዞልኝ መጣ። የጎኑን ትንሽ ኪስ ገለበጥኩት። ከታች፣ ስፌቱ ጥግ ላይ፣ የደረቀ የማባበያ ቁራጭ ከአሸዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም። ቤቱን ለወራት ያሸተተው እሱ ነው። ኪስዎን ሁሉ ወደ ውጭ ይገልብጡ። የትል ቆርቆሮውን ይፈልጉ። ከሁሉም በላይ እጅ የሚጠረግባትን ጨርቅ ያግኙ። ሁሉም አጥማጅ አንድ ጨርቅ አለው፣ ማንም አያጥባትም። ብዙ ጊዜ ከመረቡ ቀጥላ የምትሸተው እሷ ናት።

ልብስና ጓንትም ያው ሕግ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ኢንዛይም ያለው ሳሙና፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ትንሽ ኮምጣጤ። ሽታው መጥፋቱን ሳያረጋግጡ በማድረቂያ ማሽንም ሆነ በካውያ አያሙቁት፤ የቀረውን ያጋግረዋል። የልብስ ማለስለሻ አይጠቀሙ። ፈትሉን በስስ ሽፋን ስለሚለብጠው ሽታውን ያቆየዋል፤ ውሃ የማያስገባ ጃኬትም ከሆነ መተንፈሻውን ይደፍናል። ውሃ ውስጥ የሚገባበት የጎማ ሱሪ ካለ ውስጡን ገልብጠው ያድርቁ። እሱ ላይ የሚሸተው ዓሣ ብቻ አይደለም፣ ላብም አለበት።

እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በሎሚ ማሸት ይበቃል። ጭረት ካለ ያቃጥላል። ሎሚውን በደንብ ሳያለቅልቁ ፀሐይ ላይ አይውጡ፤ የሎሚ ጭማቂና ፀሐይ ተባብረው ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጠባሳ የመሰለ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። እጅን ብረት ማንኪያ ላይ ማሸት ያጠፋል የሚሉ አሉ። ጉዳት የለውም፤ ግን በእሱ ተማምነው ሳሙናውን አይተዉ።

አሁን ቁም ሳጥኑ። ባዶ ያድርጉት። ግድግዳውንና ወለሉን በሳሙና ውሃ ከዚያም በኮምጣጤ ውሃ ይወልውሉት፤ ጣውላ ከሆነ ጨርቁን በደንብ ጨምቀው ይሁን። ለሁለት ሦስት ቀን በሩ ክፍት ይቆይ። ዕቃው ሲመለስ ደግሞ አንድ በአንድ ይግባ።

የሚገባውን ለመለየት ግን በራስዎ አፍንጫ አይታመኑ። አፍንጫ ከሚሸት ነገር ጋር ጥቂት ደቂቃ ከቆየ መስማቱን ያቆማል። ለዚህ ነው እርስዎ «ጠፋ» ያሉትን ባለቤትዎ ከበር ላይ የሚለዩት። እንዲህ ያድርጉ። የደረቀውን ዕቃ በንጹህ የፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጡ። ሙቀቱ የቀረውን ያስተንነዋል። ከዚያ ውጭ ወጥተው ይቆዩ፣ ተመልሰው ከረጢቱን ይክፈቱና መጀመሪያ የሚመጣውን ትንፋሽ ያሽትቱ። ይበልጥ የሚታመነው ግን የባለቤትዎ አፍንጫ ነው፤ ይጠይቋቸው። ከረጢቱን ያለፈ ይገባል። ያላለፈ ወደ ሳፋው ይመለሳል።

ሽታው ምን ዓይነት እንደሆነም ያጣሩ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ አሲዱ አልደረሰውም፤ የኮምጣጤውን ዙር ይድገሙ። የከረመ ዘይት ከሸተተ ቅባት ቀርቷል፤ ሳሙናው ይደገም። የበሰበሰ ነገር ከሸተተ ፕሮቲን አለ፤ ቀዝቃዛ ውሃና ኢንዛይም ነው። ሁሉንም ዙር በየጊዜው ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግዎትም።

ከዚህ በኋላ ግን ይህን ሁሉ ሥራ ላለመድገም ቀላሉ ጊዜ ውሃው ዳር ላይ ነው። ዝልግልጉ ትኩስ እያለ በተራ ውሃ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ከደረቀ ሙጫ ሆነ። ከመሄድዎ በፊት ንጹህ ውሃ በባልዲ ይያዙ፤ መረቡን፣ እጀታውን፣ ጨርቋን እዚያው ያለቅልቁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የተረፈውን ማባበያ ወደ ቤት አያምጡ።

ወደ መረቡ ልመለስ። እርስዎ የፈላ ውሃ ስላስቀደሙ በአንድ ዙር ላይለቅ ይችላል። የኢንዛይሙን ዙር ሁለት ጊዜ ይስጡት፤ ሁለተኛውን ለአንድ ሌሊት ያቆዩት። ከዚያ በከረጢት ይፈትኑት። ካለፈ መረብዎ ድኗል። ካላለፈ፣ ወይም ክሩ በበረኪናው ሳስቶ ከሆነ፣ ሙሉውን አይጣሉ። ብረት ቀለበቱና እጀታው ደህና ናቸው። መረቡን ብቻ ይቁረጡና አዲስ ይስፉበት። አዲሱን ሲመርጡ ቋጠሮ የሌለው፣ ጎማ የተለበጠ ይሁን። ዝልግልግ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ለሚለቀቅ ዓሣም ቅርፊቱን ስለማይፍቅ ይሻላል። አንዴ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አርገብግበው ሲያወጡት ግማሽ ሥራው አልቋል።